አዋቂ በዘጠኝ ሰዓት

«በርበሬው ሳይሸጥማ አይሆንም!»

ሰልሚያ ይህን ስትሰማ ጀሪካኗን ከግቢው ቧንቧ ሥር ደቅና ቁጢጥ ብላ ነበር። በዚያ ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ ውኃ ሲያሰኘው መጥቶ ሲያሰኘው ስለሚጠፋ፣ የሚቀዳው ገና ሳይነጋ ነው። ቧንቧው ደግሞ አጎቷ ሙስተፋ ከሚተኛበት ክፍል መስኮት ሥር ነው። ከውስጥ የሐጂ ሰይዶ ሳል ተሰማ። ሐጂ ሰይዶ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከማለዳው የሱብሒ ሶላት መልስ ሰው ቤት ጎራ ካሉ ወይ ለእርቅ ነው ወይ ለመርዶ። «ሙስተፋ፣ አላህን ፍራ እንጂ» አሉ፤ «እናት እኮ ናት። መርዶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥተህ የምታቆየው ነገር ነው እንዴ?» ሙስተፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰኞ አይሱዙው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ዛሬ ካረዷት ቤቱ ለቅሶ ቤት ሊሆን ነው፤ በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶች ይበተናሉ፤ በርበሬው ሻግቶ ይቀራል፤ ያውም ኪሎው ሃምሳ ብር በገባበት ሰዓት። «ለራሴ ብዬ መሰለዎት? የእሷም በርበሬ እኮ ነው። ይሸጥና በወጉ፣ ሰው ሰብስበን፣ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን።» ሐጂ ሰይዶም እንደገና ሳሉና «እንግዲህ ያንተ ሰኞ አያልቅም» አሉ።

ጉዱ እንግዲህ ይኸው ነው። የሙስተፋ እህት የከድጄ አንድ ልጅ ራምዚ፣ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ማላዊ የሚሉት አገር ደርሶ፣ ሐይቅ ሲሻገር ጀልባ ተገልብጦበት ቀርቷል። አብሮት የነበረው ልጅ ነው ለሙስተፋ ደውሎ የነገረው። ለእናቱ ግን እስካሁን አልተነገራትም። መጀመሪያ «እስኪጣራ» ተባለ። ሲጣራ የሙስተፋ ልጅ ኒካህ ደረሰና «ሠርግ ላይ እንዴት ተደርጎ» ተባለ። አሁን ደግሞ በርበሬው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ሆኖ፣ ከባጃጅ ሾፌር እስከ ሻይ ቤት አስተናጋጅ ያልሰማ ሰው የለም። ሰው ከድጄን መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን ያስረዝምባታል፤ ሥጋ ሻጩ ሳትጠይቀው ይጨምርላታል፤ እሷ ደግሞ «ምነው የዘንድሮ ሰው ደግ ሆነ!» ትላለች። ሰልሚያም ብትሆን ከዝምተኞቹ አንዷ ናት። ከመስቃን ገጠር ለትምህርት ብላ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ያሳደገቻት ከድጄ ናት፤ ከእሷ እጅ በልታ፣ ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝታ ነው ያደገችው። ለወጣት ሴት መርዶ ማርዳት ወግ አይደለም ተባለችና ዝም አለች። ዝም ማለት መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር።

ጀሪካኑን ተሸክማ ስትገባ ከድጄ መሬት ላይ ተቀምጣ የአንድ ገብስማ ዶሮ እግር በጨርቅ ቁራጭ ታስር ነበር። ክፍሏ አንድ ናት፤ አልጋው፣ የሸክላ ዕቃው መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የካዕባ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ስልኳ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ነው። ስልኩ ከመሙላቱ የተነሣ ይግላል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከድጄ የያዘችውን ነገር፣ ማንኪያም ሆነ መጥረጊያ፣ ቀስ አድርጋ መሬት ታስቀምጥና ነው የምታነሣው። የልጇን ስም ግን አትጠራም። ከሄደ ወዲህ «እሱ» እንኳን አትልም። ሰልሚያ ዶሮውን አየችና እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ አሰበች። ጠየቀቻት።

«እንግዳ የለም» አለች ከድጄ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች። ዶሮው አንዴ ተንፈራገጠና ተወው። «ይልቅ ያንቺ ሰውዬ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

ሰልሚያ «የኔ ሰውዬ» ሲባል አለቃዋ አቶ ወልደአማኑኤል መሰሏት። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፤ ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ እንኳን ሦስትም ሊሆን ይችላል» አለች። ከድጄ ግራ ገብቷት አየቻትና «በዘጠኝ ሰዓት አላሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሰልሚያ ግን ልቧ የመስኮቱ ሥር ወሬ ላይ ስለነበር አልሰማችም ማለት ይቻላል። ቂጣዋን በሻይ ነክራ ቶሎ ቶሎ በላችና ወጣች። አክስቷን ዓይኗን ማየት ካቆመች ቆይታለች፤ ጠዋት ጠዋት ከቤት የምትወጣው የሚያባርራት ያለ ይመስል ነው።

ሰልሚያ የምትሠራው በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በኮንትራት። ዛሬ አዲስ ፕሮግራም የሚጀመርበት ቀን ነው፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ለሕፃናት ተረት ይነገራል፤ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ጋዜጣና መጽሐፍ ይነበብላቸዋል፤ ማንበብ የሚችል ያነባል፣ የማይችል ይሰማል። አቶ ወልደአማኑኤል መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ «ለጎልማሶች» ተብሎ እንዲጻፍ ፈልገው ነበር። ሰልሚያ ግን «ጎልማሳ» ከተባለ ሰው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ማታ ማታ ፊደል የሚቆጥርበት ትምህርት መስሎት ገና ከሩቁ ይሸሻል ብላ ተከራከረች። ሐቅ ነበር። ጢም ያለው ሰው ሁሉ ጎልማሳ የሚል ወረቀት ሲያይ መንገድ ይለውጣል። «በአክብሮት እንጥራቸው» አለችና በራሷ እጅ፣ በቀይ ማርከር፣ «የሕፃናትና የአዋቂዎች ፕሮግራም፤ መግቢያ በነፃ» ብላ ጻፈች። የአማርኛ ውጤቷ ከክፍሏ ሁሉ የበለጠ ነበር፤ አንድ ቃል ስንት ቤት እንደሚያድር ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም።

ከዋናው አስፋልት ስትደርስ ሽፋ የሚባለውን ልጅ ከነባጃጁ አገኘችው። ሽፋ ጣራው ላይ ሞንታርቦ ጭኖ የሰውን ሠርግ፣ የሱቅ ምርቃት፣ የጠፋ ልጅ ሲያስነግር የሚውል ጎረምሳ ነው። ከትናንት ጀምሮ ፕሮግራሙን እንዲያስተዋውቅ ሰልሚያ ወረቀት ሰጥታው ነበር። ወረቀቱ ግን ረጅም ሆኖበት፣ እሱም አማርኛ የሚያወራው በጉራግኛ ጉልበት ስለሆነ፣ እንደሚመቸው ቆራርጦታል። «ዛሬ! ዛሬ! በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት! በሰባት ሰዓት ለሕፃናት ተረት! በዘጠኝ ሰዓት አዋቂ! አዋቂ በዘጠኝ ሰዓት! መግቢያ በነፃ! እንዳያመልጥዎ!» እያለ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ መስጊዱ ታጠፈ። ሰልሚያ ያለ ምንም ሐሳብ እጇን አውለበለበችለት። ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ከመንገድ ዳር ጠራቻትና ወደ ጆሮዋ ተጠግታ «ሴት ናት ወንድ?» አለቻት። «ማን?» «ያ የሚመጣው ነዋ!» ሰልሚያ ስለ አንባቢው የጠየቀቻት መስሏት «እኔም ፍሬሕይወትም እንሆናለን» ስትላት ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ? ሱብሐነላህ!» ብላ ሁለት ሙዝ ገንጥላ ሰጠቻት፤ ሒሳብም አልተቀበለችም።

ነገሩን የገለጠላት ፍሬሕይወት ናት። ፍሬሕይወት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የሕፃናቱን ተረት የምትነግረው እሷ ነች፤ የጴንጤ ልጅ፣ ሳቂታ። ያን ቀን ግን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃት ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ሰልሚዬ፣ በኢየሱስ ስም ንገሪኝ፤ ምንድን ነው ያስመጣችሁት? ቸርች ውስጥ ጠዋት ለእኛ ቤተ መጻሕፍት ጸሎት ተያዘለት እኮ! ከወልቂጤ ጠንቋይ መጥቶ ሊጠነቁል ነው እየተባለ ነው። እናቴ ‹ልጄ እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ› ብላ ከኋላዬ እየጮኸች ነው የመጣሁት።» ሰልሚያ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ በሩ ላይ የለጠፈችውን የራሷን ጽሑፍ አየች። አዋቂ። ወይኔ ጉዴ! አዋቂ ማለት ያደገ ሰው ነው፤ አዋቂ ማለት ደግሞ የጠፋ ከብት የሚያገኝ፣ የዛር ስም የሚጠራ፣ የሩቁን የሚያይ ሰውዬም ነው። ሁለቱ እዚያው መደብ ላይ ተቀምጠው እስኪያንቃቸው ሳቁ። ለካ የሙዟ ሴትዮ ሁለት ሙዝ የከፈለችው ለዚህ ነው! ፍሬሕይወት እንባዋን እየጠረገች «በነፃ ደግሞ! በነፃ የሚጠነቁል ጠንቋይ! ገና ከሲልጢም ይመጣሉ!» ስትል፣ ሰልሚያ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ገብስማው ዶሮ ትዝ አላት። «ያንቺ ሰውዬ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» የተባለችውም ትዝ አላት።

ከድጄ አምስት ወቅት ሶላት የማታጓድል ሴት ናት። አዋቂ ቤት የሚሄድ ሰው ሲነሣ «ሽርክ ነው፤ አላህ ይጠብቀን» ብላ አፏን የምትይዝ፣ ጎረቤቷ ጠንቋይ ቤት ሄደች ተብሎ ዓመት ሙሉ እሳት ያልተቀበለቻት ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት ዶሮ አስራ ከተነሣች፣ ጭንቀቷ ምን ያህል እንደሆነ ለሰልሚያ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። የምትጠይቀውንም ታውቃለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያሳደገቻት ልጅ በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የሌለ ሰውዬ ፍለጋ ዶሮ ይዛ ትመጣለች፤ ሰው ሁሉ ደግሞ መልሱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ያያታል። ሰልሚያ ለፍሬሕይወት «ካልደረስኩ ልጆቹን ጀምሪላቸው» አለችና ወረቀቷን ከበሩ ላይ ቀድዳ ሮጠች።

መጀመሪያ ባለሞንታርቦውን ሽፋን ፈለገች፤ ባጃጁ ወደ ኢንሴኖ መንገድ ወጥቷል ተባለ፤ ድምፁ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ስልክ ብትደውልለት፣ በሞንታርቦው ጩኸት መሐል መቼ ይሰማዋል! ከዚያ በኋላ ወደ ሙስተፋ የበርበሬ መጋዘን ሄደች። መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፤ ገና ከበሩ አፍንጫ ይይዛል። ሴቶች ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው መሬት ላይ ተዘርግተው፣ ነጩን በርበሬ ከቀዩ ይለያሉ፤ እያስነጠሱ ያወራሉ፤ ሰልሚያ ስትገባ ወሬያቸውን አቆሙ። እነሱም ያውቃሉ። ሙስተፋ ሚዛኑ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው፤ ጠዋት የሰማችው ድምፅ ከዚህ ፊት የወጣ አይመስልም።

«አጎቴ፣ ዛሬ ንገሯት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ንገሯት» አለችው። ስለ አዋቂው፣ ስለ ዶሮው ነገረችው። እሱም መጀመሪያ እንደ እሷና እንደ ፍሬሕይወት ሳቀ፤ ከዚያ የሳቀበትን ነገር መልሶ አሰበውና ፊቱን በእጁ ጠረገ። «አስቀሪያት» አለ። «ሰውዬው አልመጣም በያት። ሰኞ አይሱዙው ይመጣል፤ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ—»

«ወላሂ ማክሰኞም ሌላ ነገር ታመጣላችሁ! በርበሬ ከሰው ይበልጣል እንዴ?»

ለቃሚዎቹ ሴቶች አቀርቅረው ቀሩ። ሙስተፋ ተነሣና ክንዷን ይዞ ወደ ውጭ አወጣት። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረ። «በርበሬው አይደለም» አለ። «ለመንገዱ ብር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ገባሽ? ደላላውን አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ያገኘሁለት እኔ ነኝ። ‹ወንድ ልጅ እዚህ ተቀምጦ ምን ይሠራል› ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ነው የማረዳት? በምን ዓይኔ ነው የማያት?» ሰልሚያ አዘነችለት፤ ግን ደግሞ ንዴቷ አልበረደም። እሱ የሚፈራው ነገር እንዳለ ገባት፤ ለእሱ ፍርሃት ሲባል ግን አንዲት ሴት ቀን ከሌት የሞቀ ስልክ ታቅፋ መኖር አለባት? ይህን ለማለት አፏን ስትከፍት፣ አንዱ ደላላ «ሙስተፋ፣ የሽንሺቾው በርበሬ ደረሰ!» ብሎ ጠራውና ጥሏት ገባ።

ቤት ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ስልኩ ግድግዳው ላይ የለም፤ ቻርጀሩ ብቻ ተንጠልጥሎ በመስኮት ይታያል። ጎረቤቷ «ከድጄ እኮ ቆየች ከወጣች፤ ዘንቢል ይዛ ገበያ ነው ያለችኝ፤ ቅዳሜ ደግሞ ምን ገበያ አለ?» አለቻት። ሰልሚያ ገበያውን ዞረች፣ መስጊዱን በሴቶች በር በኩል አየች፣ ሻይ ቤቶቹን ሁሉ ቃኘች። አንድ ቦታ ቆማ ማሰብ አልቻለችም፤ እግሯ ብቻ ይሄዳል። ባጃጅ ውስጥ ገባችና ሁለት ብሯን ከፍላ፣ ገና ሳይንቀሳቀስ ወረደች። ብታገኛት ምን እንደምትላት ራሷም አታውቅም ነበር። «ሰውዬው አልመጣም» ልትላት? አንድ ሌላ ውሸት በዚያ ሁሉ ውሸት ላይ ልትጨምር?

ቤተ መጻሕፍቱ ስትመለስ ግጥም ብሏል። ተረቱ አላለቀም፤ ፍሬሕይወት ጅቡን ሆና ታጉረመርማለች፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ፤ ከልጆቹ ኋላ ግን በመደርደሪያዎቹ መካከል፣ በመስኮቶቹ ሥር፣ በአግዳሚዎቹ ላይ፣ ትልልቅ ሰዎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ያወረዱ ሴቶች፣ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ፊታቸውን ወደ መጽሐፍ ያዞሩ። ፊደል የማይለይ ሰው ሁሉ አንድ አንድ መጽሐፍ ይዟል፤ አንዱማ የያዘው ተዘቅዝቋል። ሁሉም የመጣው ለራሱ ጉዳይ ነው፤ ሁሉም «እኔ እንኳ እንዲሁ ባልፍ ነው» የሚል ፊት ይዟል። አቶ ወልደአማኑኤል ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጥተው በካሜራ ስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ። «አየሽ ሰልሚያ? አየሽ? ሕዝቡ ንባብ ተጠምቷል! ይህንን ነው በሪፖርት የማስገባው!» አሏት። ፎቶ በተነሣ ቁጥር ሴቶቹ ፊታቸውን ይበልጥ ይሸፍናሉ። ከኋላ፣ ከታሪክ መጻሕፍቱ ሥር፣ ከድጄ ተቀምጣለች። ዘንቢሏን ከእግሯ ሥር አድርጋ በቀሚሷ ጫፍ ሸፍናዋለች።

ሰልሚያ ወደ እሷ ልትሄድ ስትል ልጆቹ አጨብጭበው ተነሡ፤ ተረቱ አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ማየት ጀመረ፤ ይመጣል የተባለውን ሰውዬ ጥበቃ። ፍሬሕይወት ከፊት ሆና በዓይኗ ለመነቻት። ሌላ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሰልሚያ ወደ ፊት ወጣች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ስሕተቱ የኔ ነው። አዋቂ ስል… አዋቂ ማለት እኮ ትልቅ ሰው ማለት ነው። ሕፃን ያልሆነ። እናንተን ማለቴ ነው። ጋዜጣ ልናነብላችሁ ነበር የጠራናችሁ። የሚመጣ ሰው የለም።»

አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ተነሡ። «ታዲያ ትልቅ ሰው ለማየት ነው ከኢንሴኖ ድረስ የመጣሁት? ትልቅ ሰውማ ቤቴም ሞልቷል! በሬዬን ማን ሊያገኝልኝ ነው?» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሰዉን አዳነው፤ የሸፈነው ተገለጠ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አየና «አንተም?» «አንቺም?» ተባባለ። አንዷ «እኔስ ለልጄ የሚሆን መጽሐፍ ፈልጌ ነው የመጣሁት» ብላ ማለች። ከፊሉ እየተሳደበ፣ ከፊሉ እየሳቀ ወጣ። ከኋላ የደረሰው ሽፋ በሩ ላይ ቆሞ «እኔ እኮ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያልኩት!» እያለ ለሚወጣው ሁሉ ይምላል። ከፊሉ ደግሞ፣ ከመጣን አይቀር በማለት፣ ቀረ። አቶ ወልደአማኑኤል ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከድጄ አልተነሣችም። ሰልሚያ ትወጣለች ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ አብራት ወጥታ፣ ዘንቢሉን ተቀብላት፣ ወደ ቤት ልትመለስና ሌላ ቀን… ሌላ ቀን ምን?

ከድጄ ቀስ ብላ ቆመች። «ልጄ ሰልሚያ፣ እኔ እንግዲህ አማርኛውን በጉልምስናዬ የተማርኩ ነኝ» አለች። «አዋቂ ማለት የሚያውቅ ሰው አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አክስቴ።»

«ትልቅ ሰውም አዋቂ የተባለው፣ ስለሚያውቅ ነዋ።»

«ነው።»

«እንግዲያው ልጠይቅ። ሌላ ሰው መምጣት የለበትም።» ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ከጎረቤት ጨው እንደምትበደር ሴት ነበር የተናገረችው። «ራምዚ ልጄ የት ነው?»

የራሷ ስም የተጠራ ያህል ሰልሚያ ደነገጠች። ከሄደ ወዲህ ይህ ስም ከአክስቷ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሽፋ የባጃጁን ቁልፍ እያገላበጠ ያይ ጀመር። ፍሬሕይወት የተረት መጽሐፏን ዘጋችና ሽፋኑን ዳበሰች። ሥጋ ሻጩ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ሐጂ ሰይዶ መስኮቱ ሥር ነበሩ፤ በሬም፣ ሌላም ነገር አልጠፋባቸው፤ ምናልባት እሷን አይተው ነው የገቡት። የሙሰብሓቸውን ዶቃ ይቆጥሩ የነበሩት ጣቶቻቸው ቆሙ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከድጄ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰው ሁሉ፣ ዓይኗ ሲደርስበት፣ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ነው ፊቷ የተለወጠው፤ አላለቀሰችም፤ ብዙ ጊዜ ቆጥራ ያልሞላላት ነገር ድንገት የሞላላት መሰለች።

«ለካ ሁላችሁም አዋቂ ናችሁ» አለች።

ሙስተፋ ከሽፋ ኋላ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መጋዘኑን ጥሎ የመጣው መቼ እንደሆነ ሰልሚያ አላየችም፤ ጫማውም ሱሪውም በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ጭንቅላቱን ወዘወዘባት፤ አይ፣ አሁን አይሆንም፣ እንዲህ አይሆንም እያለ። ከድጄም ዞር ብላ ሰልሚያን አየች፤ ከወንድሟ አስቀድማ እሷን አየች፤ በእጇ ያሳደገቻትን። «አንቺም?» አለቻት።

ሰልሚያ ወጉን ታውቃለች። መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በማለዳ፣ ሰው ሞልቶ፣ ደጋፊ ከኋላ ቆሞ ነው የሚነገረው። ግን ደግሞ ሽማግሌውም እዚህ ነው፤ ሰዉም እዚህ ነው፤ ያልመጣው ማለዳው ብቻ ነው። ሄዳ የአክስቷን ሁለት እጆች ያዘች። «እኔም» አለች። «ሞቷል፣ አክስቴ። ሐይቅ ላይ ነው። አላህ ይዘንለት።» ሐጂ ሰይዶ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ሰው ሁሉ ከኋላቸው አጉረመረመ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ተነሡ፤ አንዷ ጩኸት ልትጀምር ስትል ከድጄ እጇን አነሣችና አስቆመቻት።

«መቼ ሰማችሁ?»

ሰልሚያ ልትዋሽ ፈለገች፤ አልቻለችም። «ከዓረፋ በፊት» አለች።

ከድጄ ዓረፋን አሰበች። ለዓረፋ ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባም ከያለበትም ተሰብስቦ ነበር፤ ግቢው ሞልቶ፣ ሁሉም በልቶ ስቆ ነበር የሄደው። ፊቷን ወደ በሩ፣ ወደ ወንድሟ አዞረች። «የእሱን የሥጋ ድርሻ ለይቼ ሰቅዬለት ነበር እኮ» አለች። «እንዳይበላሽ ብዬ፣ ከእሱ ፋንታ በእጄ ያጎረስኩት አንተን ነው። በልተሃል እኮ፣ ሙስተፋ።»

ሙስተፋ በርበሬ በነካው እጁ አፉን ያዘ።